ስዊቹ አልረሳም፤ አስቀምጥ ያለው የለም

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ በአንድ የግል ኮሌጅ የአይቲ ሠራተኛ ነኝ። በሁለት ሕንፃ ሁለት ሲስኮ 2960 ስዊች አለን፤ የሚያገናኛቸው ፋይበር ነው። ድሮ በብራውዘር ነበር የማያቸው። ሁዋዌ ላይ የሚሠራ ጓደኛዬ ኮማንድ ላይን ልመድ ስላለኝ በፑቲ ፕሮግራም ገብቼ ስዊቹን ለየብቻ ወደሚሠሩ ኔትወርኮች (ቪላን) ከፈልኩት፤ ቪላን 10ን ለአስተዳደር፣ ቪላን 20ን ለኮምፒውተር ላብ ሠራሁ። አሪፍ ሆነ። ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን ቪላኖቹ አሉ፣ ፖርቶቹ ሁሉ ወደ ቪላን 1 ተመልሰዋል። እንደገና ሠራሁት። በሳምንቱ ለካሜራ ቪላን 30 ፈጥሬ ፋይበሩ ፖርት ላይ ‹ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን 30› ስለው ደግሞ የወዲያኛው ሕንፃ በሙሉ ተቋረጠ። የስዊቹ ሜሞሪ ሞቷል ማለት ነው? አዲስ እናስገዛ ወይስ ወደ ዌብ ገጹ ልመለስ?»

ሜሞሪው አልሞተም፤ አዲስ ስዊችም አታስገዛ። ሁለቱ ችግሮች ተከታትለው ስለመጡ አንድ መስለውህ ነው እንጂ ምንም ዝምድና የላቸውም። የመጀመሪያው ሴቭ አለማድረግ ነው። ሁለተኛው ሁዋዌ የለመደ እጅ ሲስኮ ላይ ሲያርፍ የሚመጣ ጣጣ ነው። ኮማንድ ላይኑ በሁለቱም ጥፋተኛ አይደለም። ያልከውን ነው የሠራው።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ሲስኮ ስዊች ሁለት የኮንፊግ (የቅንብር) ቅጂ ይይዛል። አንዱ «ራኒንግ ኮንፊግ» ይባላል። ራም ላይ ነው ያለው፤ ስዊቹ በዚህ ሰዓት የሚሠራው በእሱ ነው። ሌላው «ስታርትአፕ ኮንፊግ» ነው። ይሄኛው መብራት ቢሄድም በማይጠፋው ፍላሽ ሜሞሪ ላይ ተቀምጦ ስዊቹ ሲነሳ የሚነበብ ነው። ትእዛዝ ጽፈህ ኢንተር ስትጫን የሚለወጠው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ለውጡ ወዲያው ስለሚሠራ ሰው ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል። መብራት ሲሄድ ራሙ ባዶ ይሆናል፤ ሲመጣ ስዊቹ የተቀመጠውን ያነባል። የተቀመጠው ደግሞ የድሮው ነው።

«ታዲያ ቪላኖቹ ለምን ቀሩ?» ትል ይሆናል። ሜሞሪው ተበላሽቷል ያሰኘህም ይሄው ግማሹን አስታውሶ ግማሹን መርሳቱ ነው። እኔን ግን ደህና መሆኑን ያሳመነኝ እሱ ራሱ ነው። ቪቲፒ የሚባለውን ነገር (መጨረሻው አካባቢ እመጣበታለሁ) ካልነካካኸው በስተቀር፣ 2960 ላይ የቪላን ዝርዝር ከኮንፊጉ ጋር አይቀመጥም። ፍላሽ ላይ «ቪላን ዳት» የሚባል የራሱ ፋይል አለው። ቪላን ፈጥረህ ከቪላን ሞዱ ስትወጣ ማንም ሳያዝዘው ያኔውኑ ይጻፋል። የትኛው ፖርት የየትኛው ቪላን ነው የሚለው ግን ኮንፊጉ ውስጥ ነው ያለው። እንግዲህ ስዊቹ የተጻፈለትን ይዟል፣ ያልተጻፈለትን አልያዘም። ፍላሹ ቢሞት ኖሮ ቪላኖቹም አብረው በሄዱ ነበር።

ማረጋገጥ ከፈለግህ «ሾው ቨርዥን» በለው። ሳይጠፋ ስንት ጊዜ እንደቆየና መጨረሻ በምን ምክንያት እንደተነሳ ይነግርሃል፤ «ፓወር ኦን» ካለህ ኤሌክትሪክ ነው። ቀጥለህ «ሾው ስታርትአፕ ኮንፊግ» ብለህ የተቀመጠውን እይ። የፖርቶችህ ምደባ እዚያ ከሌለ ነገሩ አለቀ። መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፦ «ኮፒ ራኒንግ ኮንፊግ ስታርትአፕ ኮንፊግ»። የፋይል ስም ሲጠይቅህ ኢንተር ብቻ ተጫን። ብዙዎቻችን «ራይት» ብለን እንገላገላለን፤ ያው ነው። ኮንፊገሬሽን ሞድ ውስጥ ሆነህ ግን አይቀበልህም። «ኢንድ» ብለህ ውጣ፣ ወይም ከፊቱ «ዱ» ጨምርበት።

በነገራችን ላይ ይሄ አሠራር ስንፍና እንዳይመስልህ። ሳይቀመጥ መሥራቱ ከጉድጓድ የሚያወጣህ ቀን አለ፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ ይበልጥ ያስተምራል። ሲስኮ ላይ ትራንክ (በአንድ ገመድ ብዙ ቪላን የሚያሳልፍ መስመር፣ የአንተው ፋይበር) ሲሠራ፣ አንተ ካልከለከልከው በስተቀር ሁሉንም ቪላን ያሳልፋል፤ ከ1 እስከ 4094። ስለዚህ ቪላን 30ን በሁለቱም ስዊች ላይ ፈጥረህ ዝም ብትል ኖሮ በፋይበሩ ያልፍ ነበር። አንተ ግን «አላውድ ቪላን 30» አልከው። ሲስኮ ይህን የሚረዳው «30ን ጨምር» ብሎ አይደለም። «የሚፈቀደው 30 ብቻ ነው» ብሎ ነው። በዚያች ቅጽበት 1፣ 10 እና 20 ተዘጉ። ካሜራዎቹ ደህና ነበሩ፤ ሕንፃው ግን ጨለመ። በትራንኩ አንድ ጫፍ መከልከሉ ብቻውን በቂ ነው፤ የወዲያኛውን ስዊች ባትነካውም ያው ነው።

ጓደኛህን አትውቀሰው። ሁዋዌ ላይ «ፖርት ትራንክ አላው ፓስ ቪላን 30» ስትል ካለው ላይ ይጨምራል እንጂ አይተካም። እዚያ ደግሞ ትራንክ ከመነሻው የሚያሳልፈው ቪላን 1ን ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱን መጥራት ግድ ነው። የነገረህ ትክክል ነው፤ የሌላ አገር ሕግ ሆኖ ነው እንጂ። እኔም አንድ ሰው ከአንዱ ብራንድ ወደ ሌላው ሲሻገር መጀመሪያ የማስጠነቅቀው ይህችን ትእዛዝ ነው። ሁለቱ በጣም ይመሳሰላሉ፤ ትርጉማቸው ግን ለየቅል ነው።

ማስተካከያው ይኸውልህ። ትእዛዙን የጻፍክበት ፖርት ላይ ገብተህ «ኖ ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን» በለው፤ ሁሉንም ወደሚያሳልፍበት ይመለሳል። ሁለት ስዊች ብቻ ላለው ኮሌጅ በዚህ መቆየት ምንም አይልም። የለም፣ የሚያልፈውን ልወስን ካልክ መጀመሪያ ሙሉውን ዝርዝር አንዴ ጻፍ፦ «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን 1,10,20,30»። ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ «አድ» የምትለዋን ቃል አትርሳ፦ «አላውድ ቪላን አድ 40»። አንድ ቃል ናት፤ ጎደለች ማለት ሕንፃ ጠፋ ማለት ነው። ስትጨርስ «ሾው ኢንተርፌስ ትራንክ» በል። ተራ በተራ የሚወጡ ዝርዝሮች ታያለህ፦ የተፈቀዱት፣ ተፈቅደው ስዊቹ ላይ በትክክል ያሉት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አሁን ትራፊክ የሚያልፍባቸው። ቪላን 30 የመጀመሪያው ላይ ኖሮ ሁለተኛው ላይ ከሌለ እዚያ ስዊች ላይ አልፈጠርከውም ማለት ነው። ከዚህች አንድ ስክሪን የምታገኘውን መልስ በዌብ ገጹ ግማሽ ቀን ስታገላብጥ ትውላለህ።

አሁን ወደዚያ «ወደኋላ እመለስበታለሁ» ወዳልኩት። ሩቅ ያለ ስዊች ላይ፣ በተለይ ትራንክን ወይም የማኔጅመንት አይፒን (ከሩቅ ወደ ስዊቹ የምትገባበትን አድራሻ) የሚነካ ለውጥ ከማድረግህ በፊት፣ መጀመሪያ ያለውን ሴቭ አድርግ። ቀጥሎ «ሪሎድ ኢን 10» በል። ስዊቹ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱን አጥፍቶ ሊነሳ ይቀጠራል። አሁን ለውጡን አድርግ፤ ሴቭ ግን አታድርግ። ሁሉም ከሠራ «ሪሎድ ካንስል» በልና ሴቭ አድርግ። ግንኙነቱ ከተቆረጠብህ ደግሞ ቡናህን ጠጣ። ስዊቹ ራሱ ተነስቶ የተቀመጠውን ሲያነብ ትመለሳለህ። ያን ቀን ይህን አድርገህ ቢሆን ኖሮ ወደዚያኛው ሕንፃ መሮጥ አይኖርም ነበር።

ሦስት ነገር ግን ልብ በል። ስዊቹ ሲነሳ ደቂቃዎች ይወስዳል፤ በእሱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ይቋረጣል። ስለዚህ ፈተና እየተሰጠ አይሞከርም። ሁለተኛ፣ ስዊቹ አሁን ባለበት ሁኔታ ቪላን ብታጠፋ ይህ ዘዴ አይመልስልህም። ለምን ብትል፣ የቪላኑ ፋይል ያኔውኑ ነው የሚጻፈው ብዬሃለሁ። ሦስተኛው በራሴ የደረሰ ነው። አንድ ጊዜ ለውጡ ሠርቶልኝ ደስ ብሎኝ፣ ቀጠሮውን ሳልሰርዝ ላፕቶፔን ዘግቼ ምሳ ወጣሁ። ምሳው ሳይቀርብ ስልኬ ጮኸ። አንድ ፎቅ ሙሉ ተቋርጧል፤ የሠራሁትንም ሴቭ አላደረግሁም ነበር። ምሳዬን ትቼ ተመለስኩና ያንኑ ሥራ ሁለተኛ ሠራሁት። ከዚያ ወዲህ «ሪሎድ ኢን» ስል የስልኬንም አላርም እሞላለሁ።

ሌሎች ብራንዶች ይህን ነገር በተሻለ መንገድ የፈቱት አሉ። ጁኒፐር ላይ «ኮሚት ኮንፈርምድ» ካልክ በ10 ደቂቃ ውስጥ ካላጸደቅከው ለውጡን ብቻ ነው የሚመልሰው፤ ስዊቹ አይጠፋም። ማይክሮቲክ ደግሞ የጻፍከውን ራሱ ያስቀምጣል፤ ግን ሴፍ ሞድ አለው፣ ግንኙነትህ ከተቆረጠ ያደረግከውን ይቀለብሰዋል። 2960 ያረጀ ዕቃ ነው፤ ባለው ነው የምንሠራው።

ወደ ዌብ ገጹ ልመለስ ወይ ላልከው፣ አትመለስ። ለማየት ያህል ችግር የለውም። ፖርት ተሰክቷል አልተሰካም ለማለት ይበቃል። ግን የምታገኘው ገጹን የሠራው ሰው ያሰበልህን ብቻ ነው። ትራንኩ ላይ የትኛው ቪላን እንደቀረ፣ አንድ ማክ አድሬስ (የአንድ መሣሪያ መለያ ቁጥር) በየትኛው ፖርት እንደገባ፣ የትኛው ኬብል ስህተት እየቆጠረ እንደሆነ በአንድ መስመር የሚነግርህ ኮማንድ ላይኑ ነው። ሁሉንም በቃልህ መያዝም የለብህም። የትም ቦታ የጥያቄ ምልክት ጻፍ፤ ቀጥሎ ምን ማለት እንደምትችል ይዘረዝርልሃል። ግማሹን ጽፈህ ታብ ስትጫን ይጨርስልሃል። የጻፍከውም ቀርቶ ስለሚታይ ምን እንዳጠፋህ ተመልሰህ ማንበብ ትችላለህ። አንተ ራስህ ትእዛዙን ቃል በቃል ስለጻፍክልኝ ነው ችግሩን ከዚህ ሆኜ ያየሁት። «አንድ ቦታ ቲክ አደረግሁ» ብትለኝ ምን እልህ ነበር?

የደህንነትም ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ኦክቶበር ላይ በአዲሶቹ የሲስኮ ዕቃዎች፣ አይኦኤስ ኤክስኢ በሚባለው ሶፍትዌር ዌብ ገጽ ላይ ቀዳዳ ተገኝቶ ሰርጎ ገቦች ያለ ይለፍ ቃል ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ ይፈጥሩበት ነበር። የአንተ 2960 በዚያ ሶፍትዌር አይሠራም። ቢሆንም የማትጠቀምበትን በር ክፍት መተው ምን ይሠራልሃል? «ኖ አይፒ ኤችቲቲፒ ሰርቨር» እና «ኖ አይፒ ኤችቲቲፒ ሴኪዩር ሰርቨር» ብለህ ዝጋው።

በፑቲ ገባሁ አልክ እንጂ በምን በኩል እንደሆነ አልነገርከኝም። በቴልኔት ከሆነ እሱንም ዝጋ። የይለፍ ቃልህ በኔትወርኩ ላይ ዕርቃኑን ነው የሚሄደው። ያ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ማርች ዊኪሊክስ የሲአይኤ ናቸው ብሎ ያወጣቸውን ሰነዶች ሲስኮ ሲመረምር፣ በቴልኔት በኩል ያለ ይለፍ ቃል ስዊቹን መቆጣጠር የሚያስችል ቀዳዳ አገኘ። ከ300 በላይ ሞዴሎች ነበሩበት፤ 2960ም ከነሱ አንዱ ነው። መፍትሔው የሚላከውን ሁሉ የሚመሰጥረው መግቢያ፣ ኤስኤስኤች ነው። ለስዊቹ ስም ስጠው፣ «አይፒ ዶሜይን ኔም» ሙላ፣ በ«ክሪፕቶ ኪ ጀነሬት አርኤስኤ» 2048 ቢት ቁልፍ አስወጣ፣ ተጠቃሚ በ«ሲክሬት» ፍጠር፤ ከዚያ «ላይን ቪቲዋይ 0 15» ውስጥ «ሎግኢን ሎካል» እና «ትራንስፖርት ኢንፑት ኤስኤስኤች»። «ክሪፕቶ» የሚለውን አላውቀውም ካለህ የተጫነው ሶፍትዌር ስሙ ላይ ኬ9 የሌለበት ነው፤ ኤስኤስኤች አይችልም። ይህን ስትሠራ የገባህበትን መስኮት አትዝጋ። ሁለተኛ ፑቲ ክፈትና መግባቱን እይ፤ ገባ? እንግዲያው የመጀመሪያውን ዝጋ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ኮንሶል ኬብል ይኑርህ። ያ ጠፍጣፋ ሰማያዊ ገመድ ማለቴ ነው። ኔትወርኩ ሲሞት የሚቀርህ በር እሱ ብቻ ነው። ላፕቶፕህ የድሮው ሲሪያል ቀዳዳ ስለሌለው ከዩኤስቢ የሚቀይር አዳፕተር ያስፈልግሃል። ርካሹን ስትገዛ ጭኖ የማይሠራ ያጋጥምሃል፤ አስመስለው የተሠሩ ቺፖች አሉ፣ አዲሱ ዊንዶውስ ድራይቨራቸውን አልቀበልም ይላል። ሻጩ ፊት ላፕቶፕህ ላይ ሰክተህ ኮም ፖርት መውጣቱን ሳታይ አትክፈል። ፑቲ ላይ ሲሪያል ምረጥ፣ ፍጥነቱ 9600፣ ፍሎው ኮንትሮል የሚለውን ነን አድርገው። ጥቁር ስክሪን ብቻ ከታየህ አትደንግጥ፤ ኢንተር ተጫን።

ጀማሪን ሁሉ የሚያስደነግጥ አንድ ነገር ደግሞ አለ። «ሾው» ለማለት «ሾዉዉ» ዓይነት ነገር ጽፈህ ኢንተር ስትል ስዊቹ «ትራንስሌቲንግ» ብሎ ይደርቃል። አልተበላሸም። የጻፍከው የኮምፒውተር ስም መስሎት አይፒውን እየፈለገ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና 6ን አንድ ላይ ተጫን፤ ይለቅሃል። ለዘለቄታው «ኖ አይፒ ዶሜይን ሉክአፕ» በለው።

ባክአፕ ላይ ሁለት ነገር ልበልህ። «ተርሚናል ሌንግዝ 0» ብለህ «ሾው ራኒንግ ኮንፊግ» ስትል ሳይቆራረጥ ይወርዳል፤ ኮፒ አድርገህ ቴክስት ፋይል ላይ ቀኑን ጽፈህ አስቀምጥ። ነገር ግን ቪላን ዳት ለብቻው ስለሆነ የቪላኖቹ ስም እዚያ ውስጥ አታገኝም። «ሾው ቪላን ብሪፍ»ንም አብረህ ያዝ። ሁለተኛው፣ ያንን ፋይል «እስቲ እዩልኝ» ብለህ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዳትለጥፈው። ከይለፍ ቃሉ ፊት 7 ቁጥር ካለ የተመሰጠረ ይመስላል እንጂ ማንም ሰው በሰከንድ የሚፈታው ነው። ለዚህ ነው «ኤኔብል ፓስወርድ» ሳይሆን «ኤኔብል ሲክሬት» ተጠቀም የምንለው።

አዲስ ስዊች ስላልክ አንድ ማስጠንቀቂያ። ኮሌጁ ያገለገለ ሲስኮ ገዝቶ ካመጣልህ እንዳለ አትሰካው። ቪቲፒ የሚባል ስዊቾች የቪላን ዝርዝር የሚቀባበሉበት ዘዴ አለ። የመጣው ስዊች የዶሜይን ስሙ ከአንተ ጋር ከገጠመ፣ ወይም የአንተ ከነጭራሹ ባዶ ከሆነና የመጣው ስም ካለው፣ የለውጥ ቁጥሩ ከበለጠ የአንተን ዝርዝር ደምስሶ የራሱን ይጭናል። መጋዘን ከርሞ የወጣ ስዊች ኔትወርክ ሲያጠፋ አይቻለሁ። አሁኑኑ በሁለቱም ላይ «ቪቲፒ ሞድ ትራንስፓረንት» በል። ከዚያ ወዲያ ቪላኖቹ ኮንፊጉ ውስጥም ይታያሉ፤ ባክአፕህም ሙሉ ይሆናል።

ኮማንድ ላይን የማይፈታውም አለ። መብራት በሄደ ቁጥር ስዊቹ አብሮ ከሄደ ኮንፊጉ ቢቀመጥም ተጠቃሚው መቋረጡ አይቀርም፤ ለሁለቱም ትንሽ ዩፒኤስ አስገዛ። የአዲስ ስዊቹ ገንዘብ እዚያ ቢውል ይሻላል። ደግሞም ፊደል ያልተጨመረበት ዋናው 2960 ከሆነ የሲስኮ ድጋፍ ካበቃበት ቆይቷል። ስለዚህ ማኔጅመንቱን ከውጭ ኢንተርኔት ማንም እንዳይደርስበት አድርግ።

ይህን ሳምንት በዚህ ተራ ሥራ። መጀመሪያ ኮንሶል ኬብሉ። ቀጥሎ ትራንኩን መልስ፣ ፖርቶቹን እይ፣ ሴቭ አድርግ። ከዚያ ኤስኤስኤች፤ መግባቱን ስታረጋግጥ ቴልኔቱንና ዌቡን ዝጋ፣ አሁንም ሴቭ። መጨረሻ ላይ ተማሪ በሌለበት ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱንም ስዊቾች ነቅለህ ሰካቸው። አምስት ደቂቃ ጠብቀህ «ሾው ቪላን ብሪፍ» በል። ላቡ ቪላን 20 ላይ ካለ ሥራው አልቋል። ከሌለ ያየኸውን ቃል በቃል ኮፒ አድርገህ ላክልኝ፤ የይለፍ ቃል ያለበትን መስመር አጥፍተህ።